ማጉያው አልለቅ ያለበት ክረምት

ሰኔ 24 ቀን 2017

ሁለት ደብተር ገዛሁ። አንዱ የሬዲዮው ነው፤ ከሃላሌ የሚመጣውን መልእክት የምጽፍበት። ሌላው ይኸኛው ነው፣ የራሴ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ጽሑፌ የሕፃን ይመስላል። አባቴ ከሸዋ የመጣ የአውራጃ ጸሐፊ ነበር። ለወንድሞቼ ብዕር ሰጠ፣ ለእኔ ወፍጮ። አሁን ሁሉም ሞተዋል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ዛሬ መልአኩ የጉልላትን አዲሱን ሬዲዮ ከሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገጠመው። መልአኩ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነው፤ ከባለቤቴ ከጉልላት ጋር ሬዲዮ ሲነካኩ ነው የኖሩት። ጉልላት ከሞተ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። የሬዲዮ ማኅበራቸው ዘንድሮ ለሃላሌ ጤና ጣቢያ አንድ ሬዲዮ ሰጥቷል፤ ዝናቡ መንገዱን ሲቆርጠውና ስልክ ሲጠፋ ከሶዶ ጋር እንዲገናኙበት። ሶዶ ላይ ረጅም አንቴና የቆመው በእኛ ግቢ ነው። ፈቃዱ በማኅበሩ ስም ነው፣ እኔ መልእክት ተቀባይ ነኝ። በየቀኑ፣ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።

«ሃላሌ ላይ የምትቀመጠው አንዲት ነርስ ናት» አለኝ መልአኩ፣ ሽቦ እየላጠ። ቀና አላለም።

ማን እንደሆነች ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ናዝራዊት ናት፣ ጉልላት ከእኔ በፊት የወለዳት። እኔ አልወለድኩም። የዚሁ አገር ሰው የነበረችው እናቷ ስትሞት በልጅነቷ ወደ ቤቴ መጣች፣ ነርስ ሆና ወጣች። በአባቷ ቀብር ማግስት «የአባባን ሬዲዮ ልውሰድ» አለች። «ከዚህ ቤት ምስማር አይወጣም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

«ጥሩ» አልኩት። «ነርስ ከሆነች ጥሩ።»

ሰኔ 27

ትንሹ ሬዲዮ ብቻውን ሃላሌ አልደረሰም። ተራራው ይውጠዋል። መልአኩ ጨርቁን ገልጦ የጉልላትን ማጉያ አስነሣ። የሬዲዮውን ጉልበት አብዝቶ ወደ አንቴናው የሚልከው እሱ ነው፤ እንደ እህል ጆንያ ይከብዳል፣ ውስጡ ያሉት ትልልቅ አምፖሎች ሲበሩ ክፍሉን ያሞቁታል። ክዳኑን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል አለ። እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ክዳን የምከፍተው።

ከማጉያው ጀርባ በረጅም ሽቦ የምትወጣ የእጅ መጫኛ አለች። አንሥቶ አሳየኝ።

«ይቺን ያውቋታል?»

«ስንት ዘመን የያዝኳትን?»

ጉልላት ሊናገር ሲል ጣቱን ያነሣል፤ እጫናለሁ፤ ማጉያው ቀጭ ይላል፤ እሱ ከጃፓን ሰው ጋር ይሳሳቃል። ጣቱን ሲያወርድ እለቃለሁ። ያ ከአገሩ ሁሉ ጋር የሚያወራ ሰው ከእኔ ጋር እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ነው የሚለው። ማብሪያ ማጥፊያው ነበርኩ።

መልአኩ አስረዳኝ። «አዲሱ ሬዲዮ ማጉያውን ራሱ መቀስቀስ ይችላል፣ ከጀርባው መውጫ አለው። ግን በቀጥታ አናገናኛቸውም። ይህ ማጉያ አሮጌ ነው፤ በመቀስቀሻ ሽቦው ላይ ከመቶ ቮልት በላይ ይዞ ነው የሚጠብቀው። የአዲሱ ሬዲዮ ቁልፍ ደግሞ ከመኪና ባትሪ ብዙም ያለፈ አትችልም። ብናገናኛቸው ወይ ትቃጠላለች ወይ ተጣብቃ ትቀራለች።»

«ታዲያ?»

«በመካከል የምትቆም ትንሽ ሳጥን እሠራለሁ። ሬዲዮው ሳጥኗን ያዛል፣ ሳጥኗ ማጉያውን ታዛለች፣ ሁለቱ አይነካኩም። ዕቃዋን ከአዲስ አበባ አመጣለሁ። እስከዚያው በእጅ ነው። መጀመሪያ መጫኛዋን፣ ቀጭ ሲል ማይኩን። ሲጨርሱ መጀመሪያ ማይኩን ይልቀቁ፣ ከዚያ መጫኛዋን።»

«ይህን ለእኔ ታስተምረኛለህ?»

ሳቀ። «ለራሴ ነው የምደግመው፣ እትዬ ፈጠነች። ሁለት እጅ መያዙ ከከበደዎት ብርቄን ይጥሯት። ለግማሽ ሰዓት ነው፣ እሷ ትጫንልዎታለች።»

ብርቄ የአጥር ጎረቤቴ ናት፣ በሯ ላይ ሱቅ አላት። የማታ ትምህርት ስሄድ ደብተሬን በፌስታል ይዤ ስታየኝ «ተማሪዋ መጣች» ብላ ደንበኞቿን ያሳቀችብኝ እሷ ናት። እሷን አልጠራም።

ሊወጣ ሲል መዝጊያውን ይዞ ቆመ። «ማኅበሩ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ያያል። ግንኙነቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ጣቢያውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያዛውሩታል።»

ይውሰዱት። አቧራ ማራገፍ ይቀርልኛል።

ሐምሌ 3

«ሶዶ፣ ሶዶ፣ ሃላሌ ነኝ። ይሰማሉ?»

ድምፅዋ ቀጥኗል። ወይም ሬዲዮው ነው።

«ይሰማል። ቀጥዪ።»

ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። በዴሳ ላይ በኃይሉ የሚባል የእህል ነጋዴ አለ፣ የማኅበሩ ሰው ነው፤ ሃላሌን አንዳንድ ቀን ይሰማታል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማትም። «እንደምን አመሻችሁ» የሚል እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ 6

ደንቡ እንዲህ ነው። ናዝራዊት የሚያስፈልጋቸውን ትናገራለች፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ የጻፍኩትን መልሼ አነብላታለሁ። መድኃኒት ነው፣ ስህተት አይወድም።

መጻፉ አላስቸገረኝም፤ ስጽፍ እጄ ባዶ ነው። ማንበቡ ነው። ጣቴን ከመስመሩ ሥር ካላስሄድኩ ፊደሉ ይሸሸኛል። ይህን ለመልአኩ አልነገርኩትም፤ ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪ እንዴት ይነገራል። ቀኝ እጄ ማይክ ይዟል፣ ግራ እጄ መጫኛ ይዟል። ጣት ከየት ላምጣ።

«እትዬ፣ አንድ መስመር ዘለሉ።»

ደገምኩት። ሌላ ዘለልኩ።

«ግሉኮሱን ሁለቴ አሉት። የልጆቹን ሽሮፕ አላሉትም።»

በኃይሉ ከበዴሳ ገባ። «ሃላሌ፣ እኔ ጽፌዋለሁ፣ እኔ ላንብበው።» አነበበው፣ እንደ ዲያቆን እየተንደረደረ።

ሃላሌ ሰማ፣ በዴሳ ሰማ። ሌላ ማን እንደሰማ እንጃ።

ሐምሌ 7

ዛሬም ዘለልኩ። በኃይሉ አነበበ። «ግድ የለም እናቴ፣ ይለምዱታል» አለኝ። እናቱ አይደለሁም።

ብርቄ በአጥሩ ላይ «ሬዲዮሽ ይጮሃል እኮ» አለችኝ። «ጆሮሽን ድፈኚ» አልኳት። ልትጫንልኝ እንደምትችል መልአኩ ነግሯት ይሆን? እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ሄደች።

ሐምሌ 9

የጉልላትን መሳቢያ ስፈትሽ አንዲት ጥቁር ሽቦ አገኘሁ። አንድ ጫፏ ከሬዲዮው ጀርባ፣ ሌላ ጫፏ ከማጉያው ጀርባ ልክ ይገባል። ልክ ማለት ልክ። ለዚህ ያልተሠራች ነገር እንዲህ አትገባም። መልአኩ ለስልጠና አዲስ አበባ ነው። ስደውልለት «ዕቃው አልተገኘም፣ ትንሽ ይታገሡ» አለኝ። ለእሱ ትንሽ ነው።

ሰካኋት።

ማይኩን ስጫን ማጉያው ራሱ ቀጭ አለ። ስለቅ ራሱ ቀጭ አለ። ግራ እጄ ነፃ ወጣ። ጣቴን አስሄድኩ። አንድም አልዘለልኩም።

«ዛሬ ጥሩ አነበቡ» አለች ናዝራዊት።

ማንበብማ ድሮም አውቃለሁ።

ከተኛሁ በኋላ ተነሥቼ ጀርባውን ዳሰስኩት። አይሸትም፣ አይጨስም። መልአኩ ተማሪ ሲያስፈራራ የኖረ ሰው ነው፣ ለምዶበት ነው።

ሐምሌ 12

የጴጥሮስ ወጳውሎስ ጾም ከተፈታ በኋላ ሥጋ ለመግዛት ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ለአንድ ሰው ሥጋ አይገዛም፣ ባለ ልኳንዳውም ፊቱ ይነግርሻል።

ማታ መልእክቱ አልቆ ልዘጋ ስል «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አለች። ይህ በደንቡ ውስጥ የለም። በኃይሉም እየሰማ ነው።

«ጉልበት ነው» አልኩ።

ዘጋን። እዚያስ ዝናቡ እንዴት ነው ማለት ይቻል ነበር። ሌላም ማለት ይቻል ነበር። አንድ ሰው ድንገት ሲጠይቅ መልስ ከየት ይመጣል? ነገ እላለሁ።

ሐምሌ 13

አላልኩም። መልእክቱ ረጅም ነበር።

ሐምሌ 15

ዛሬ ዝናቡን ልጠይቃት ነበር። «ሃላሌ፣ ሶዶ ነኝ» ብዬ ጠራሁ። ማይኩን ለቀቅኩ። ዝም።

ሌላ ጊዜ ሰው ባይናገር እንኳ ሬዲዮው እንደሚጠበስ ነገር ይላል። ዛሬ ያም የለም። የማጉያው መርፌም ማይኩን ስለቅ ወደ ዜሮ አልወረደም፣ ከፍ ብሎ ቆሞ ቀረ። ያረጀ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው።

ሐምሌ 16

ዝም። በዴሳንም ጠራሁ። ዝም። ማጉያው ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። ለጉልበቴ ጥሩ ነው።

ሐምሌ 17

መልአኩ ደወለ። «ግንኙነቱ እንዴት ነው?» ደህና ነው አልኩት። ምን ልበለው? ሽቦ ሰክቻለሁ ልበለው? ወይስ ሁለቱም ተስማምተው ትተውኛል ልበለው? ቢያውቅ ነገ መኪና ልኮ ያስነሣዋል።

ማታ ደጋግሜ ጠራኋቸው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። ተማክረው ነው። በኃይሉ ያንን «እናቴ» ሲል ነበር ማወቅ የነበረብኝ፤ እንዲህ የሚያቆላምጥ ሰው ከኋላ ያማል። እሷም ብትሆን ጉልበቴን የጠየቀችው እንዲያው ለአፏ ነው። እኔ ስመልስላት እንደ በር ዘጋሁባት፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ሰው በአንድ ቃል ይቀየማል? እኔ በስንቱ ቃል ሳልቀየም ቀረሁ?

ተቀይሜ አላውቅም ማለቴ አይደለም።

በመጨረሻ ማይኩን ይዤ «መመለስ ካልፈለጋችሁ ተዉት፣ እኔ የማንም ማብሪያ አይደለሁም» አልኩና አስቀመጥኩት። ከዚህ በኋላ አልጠራም።

ሐምሌ 18

አልጠራሁም። ግን ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ደንቡ ማጉያውን አስቀድሜ፣ ሬዲዮውን አስከትዬ ከፈትኩ። ዕቃ ሳይከፈት ከቆየ እርጥበት ይገባዋል። ክፍሉ ሙቅ ስለሆነ እዚያው ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 19

የማላውቀው ቁጥር ሦስቴ ደወለ። አላነሣሁም። ባንክ ነን እያሉ ሰው የሚዘርፉት ናቸው።

ሐምሌ 20

ያው ቁጥር። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዝም።

ሐምሌ 21

ዛሬ ብርቄ መጣች። በአጥሩ ላይ አይደለም፣ በበር ገብታ። ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅላ በሳህን ይዛለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ፊቴ ላይ ጮኸች።

«ፈጠነች! እንዴት ነሽ? ትሰሚኛለሽ ወይ?»

«ለምን ትጮኺብኛለሽ?»

«ጆሮሽን ያምሻል?» እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፣ ለድዳ እንደሚደረገው።

«ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

«አላደረግሁሽም። እጅሽንስ? ሁለቱንም አንሺያቸው እስቲ።»

«ብርቄ፣ ሱቅሽን ማን እየጠበቀልሽ ነው?»

አልሄደችም። አልጋዬን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ምላስሽን አውጪ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። የኋላውን ክፍል ልከራየው ብላ ጠይቃኝ ነበር ዓምና። አሁን ልሞት እንደሆነ ለማየት መጥታለች። ሳህኑን ይዛ እንድትመለስ አደረግሁ። ቦዬው ትኩስ ነበር።

ሐምሌ 23

ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ሁሉንም ልጻፈው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። መልአኩ ነው፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣ ከመናኸሪያ በቀጥታ። ጫማው ጭቃ ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ደህና ነዎት» አለ። ጥያቄ አልነበረም። የራሱን ትንፋሽ ነው ያወጣው።

«ምን እሆናለሁ?»

«በኃይሉ ለቀናት ሲደውልልዎት አያነሡም። መጨረሻ ላይ ለእኔ ደወለ።»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሁለቱም በርተዋል፣ ክፍሉ ሙቅ ነው። መርፌውን አየው። እጄን ይዞ እንደማሳየት ወደ መርፌው ጠቆመኝ። «ማይኩን ነክተዋል?»

«ከተውኩት ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ይህ ማጉያ ለማን ነው የሚልከው?»

ማጉያውን አጠፋው። ማጉያውን ብቻ፣ ሬዲዮውን አልነካም። ቀጭ አለ፤ ያ መጥበሱ ተመለሰ፣ በእሱ ውስጥም ድምፅዋ።

«...ሶዶ፣ ሃላሌ ነኝ። እትዬ፣ እርስዎ ባይሰሙኝም እኔ በየቀኑ እጠራለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ማይኩን አንድ ጊዜ ይጫንልኝ። ምንም ባይናገር። ሶዶ፣ ሶዶ፣ ሃላሌ ነኝ...»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መልአኩ ማይኩን ወስዶ «ሃላሌ፣ መልአኩ ነኝ፣ እትዬ ፈጠነች ደህና ናቸው፣ ከጎኔ ናቸው። የዕቃ ብልሽት ነው» አላት። ያለ ማጉያው መድረሱን አላወቅንም። አልመለሰችም። ዛሬ ለሰማይ ጥሩ ቀን ሆኖ በኃይሉ ሰምቶ አደረሰላት፣ እሱን ብቻ ሰማነው።

ከዚያ መልአኩ ከጀርባ ዞረ።

«ይቺን ማን ሰካት?»

«እኔ።»

 ሽቦዋ የጉልላት የጥንቱ ሬዲዮ ናት አለኝ፤ ያ ሬዲዮ ከዚህ ማጉያ ጋር እኩያ ስለነበር ይችለው ነበር። የአዲሱ ሬዲዮ ቁልፍ ግን ከመቶ ቮልቱ ጋር ጥቂት ቀን ታግላ ተጣበቀች። ከተጣበቀች ማጉያው እየተናገርኩ ነው ብሎ ያምናል፤ ማጉያው ሲናገር አንቴናው የእሱ ነው፣ ሬዲዮው አይሰማም። እኔ ስጠራ ይሰሙኝ ነበር። ሲመልሱልኝ የማልሰማ እኔ ነበርኩ። ያንን የመጨረሻ ቃሌንም ሰምተውታል።

«ለምን ሰኩት? ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«እጄን ደከመኝ።»

ብርቄን የላካት በኃይሉ ነው። በሚኒባስ ሾፌር፣ «አሮጊቷ የማይሰሙ ይመስላል፣ ምናልባት ግማሽ ጎን መትቷቸው ይሆናል፣ ግቢና እዪያቸው» ብሎ። እንዲህ ብላ የለመነችው ናዝራዊት ናት። በእነዚያ ቀናት አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። በኃይሉ በአጋጣሚ ሰምቶ ለአምቡላንሱ ደወለ፣ ከተቆረጠው መንገድ ማዶ ተቀበሏት። ባይሰማ ኖሮስ? መልአኩ ይህን አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ለራሴ።

ሐምሌ 24

ቁልፏ እስክትቀየር በእጅ መጫን ነው። መልአኩ ለማኅበሩ ያለውን ነገር ሁሉ እንደሚናገር ነገረኝ። «ተናገር» አልኩት። ከዚያ ሊወጣ ሲል ስለ ጣቴ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። መልአኩ ሻንጣውን ወደ ሌላ እጁ አዛውሮ «እኔ ደግሞ መነጽሬን ካላደረግሁ ስልክ አልሰማም» አለ። ሳቅ አልመጣልኝም።

ሐምሌ 25

ወደ ብርቄ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ሰው ነበር፣ እስኪወጡ ጨው አገላበጥኩ።

«ዛሬ አልጮህም» አለችኝ።

«ማታ ለግማሽ ሰዓት አንድ ነገር ትጫኚልኛለሽ?»

«ምን ነገር?»

«ጣቴን ሳነሣ ትጫኛለሽ፣ ሳወርድ ትለቂያለሽ።»

«ይኸው ነው? ይህን ለማለት ነው እስካሁን ጨው የምታገላብጪው?»

ሐምሌ 26

ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ሆና መጣች። መጀመሪያ ላይ ጣቴን ሳላነሣ ተጫነች፣ ቀጭ ሲል ደንግጣ ለቀቀች፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። በኋላ ደህና ሆነች።

«ሶዶ፣ ሃላሌ ነኝ። ይሰማሉ?»

«ይሰማል» አልኩ። ሌላም ልል ነበር። «ቀጥዪ» አልኩ።

ጣቴን እያስሄድኩ ሳነብ ብርቄ ዓይኗን ከጣቴ አልነቀለችም። ሲያልቅ «ያቺ እንደ መንጠቆ ያለችው ምን ትባላለች?» አለችኝ።

«ግ።»

«እሺ።» ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ይህች ሴት ለካ ፊደል አታውቅም።

ነሐሴ 10

መልአኩ ሳጥኗን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሠራ። በውስጧ ሪሌ የምትባል ቁልፍ አለች፤ ማጉያውን የምትችል እሷ ናት። ስትለቅ ወደ ኋላ የምትመታውን ምት የምትውጥ አንዲት ትንሽ ዳዮድ አሰረባት፣ «ያለ እሷ እንደገና ሬዲዮውን እንገድለዋለን» አለ። በሬዲዮው ውስጥ የተጣበቀችውንም ቀየረ። መጀመሪያ ሳጥኗን ከሬዲዮው ጋር ብቻ ሞከረ፣ ማጉያው ጠፍቶ ከሶኬትም ተነቅሎ። ከዚያ በቮልት መለኪያ ለካ። ከዚያ ነው ማጉያውን ያገናኘው። ከጠዋት ጀምሮ ለምሳ አልቋል።

«ግማሽ ቀን ብቻ?» አልኩት።

«አስቸጋሪ ነገር የላትም። ጋሽ ጉልላት ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራት ነበር።»

«አዲሱን ሬዲዮ ካመጣ ጀምሮ እኔን ሲያስጫን ነው የኖረው።»

«ገርሞኛል። ያኔ ዕቃው ሁሉ መሳቢያው ውስጥ ነበረው። ‘አትሠራትም ወይ?’ ብዬው ነበር አንድ ጊዜ።»

«ምን አለህ?»

«‘ምን ያደርግልኛል፣ ፈጠነች አለች’ አለኝ።»

ስስት ይሆናል። ዕቃ ማባከን አይወድም ነበር።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

ነሐሴ 17

ማኅበሩ ተሰብስቦ ነበር። ጣቢያው እዚሁ ይቆይ ብለዋል፤ ሳጥኗን ሁለት ሰው አይቶ መስክሯል። ብርቄ አሁን የምትጫነው ነገር የለም፣ ግን በሰዓቱ ትመጣለች። «ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ስላት «ልሰማ» ትላለች። ከመልእክቱ በኋላ አንድ አንድ ፊደል አሳያታለሁ። ቶሎ ትረሳለች። እኔም እረሳ ነበር።

ጳጉሜን 3

ናዝራዊትን «እዚያስ ዝናቡ?» አልኳት። «ቀነሰ» አለች። በኃይሉ «በዴሳም ቀንሷል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መስከረም 9 ቀን 2018

የሃላሌ ስልክ ተመለሰ። መንገዱም ለሞተር ሳይክል ተከፍቷል። መልአኩ «እስከ ጥቅምት በሬዲዮ እንቀጥል፣ አይታመንም» አለ። እኔ ምን አገባኝ። ይቀጥላ።

መስቀልን ትመጫለሽ ወይ ብዬ በሬዲዮ መጠየቅ አይሆንም፣ መልእክት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ራሷ «በበዓሉ ተረኛ ነኝ» አለች፣ መልእክቱ መሃል፣ ከፓራሲታሞሉ ቀጥሎ። ጻፍኩት። መልሼም አነበብኩላት።

መስከረም 18

ብርቄ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች። ሰፈሩ ሁሉ በዓል ላይ ነው፣ ዘፈኑ እዚህ ድረስ ይሰማል። ብቻዬን ከፈትኩ።

መልእክቱ አጭር ነበር። ጓንት በየሳምንቱ ነው የምትጠይቁት፣ ትበሉታላችሁ ወይ ብዬ ተቆጣሁ። «እሺ እትዬ፣ ደህና እደሩ» አለች። እኔም ልዘጋ እጄን ስሰድ ድምፁ አልተቋረጠም። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ሳህን ተቀመጠ። ማይኩን የሆነ ነገር ተጭኖት ቀርቷል፣ ፋይል ይሆናል ወይም ጋውኗ። እሷ አላወቀችም።

«ማን ናት ይቺ ሁልጊዜ የምትቆጣሽ?» አለች ሌላ ሴት። ፋና የምትባለው አዋላጅ ትሆናለች፣ ስሟን አንድ ጊዜ በመልእክት ጽፌዋለሁ።

«ሶዶ ያሉት ናቸው።»

«ጓንት ትበላላችሁ ወይ አለችን እኮ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ናዝራዊት «ሲቆጡ ደህና ናቸው ማለት ነው» አለች። «ሐምሌ ላይ ዝም ያሉ ጊዜ ነው እኔ ያለቅሁት። በእግሬ ልሄድ ነበር፣ አንቺ አይደለሽ የያዝሽኝ።»

«እናትሽ ናት እንዴ?»

«አዎ» አለች። እያኘከች ነበር። አስባበት አይደለም። ወዲያው ቀጥላ «ይህ ሽሮ ጨው የለውም፣ አቀብዪኝ» አለች።

ማይኩን ባነሣ አትሰማኝም፤ የእሷ ተጭኖ እያለ ሬዲዮዋ አይሰማም። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። በደንቡ ወዲያው ማሳወቅ ነበረብኝ፤ መስመሩ ተይዟል፣ ሬዲዮውም ይግላል፣ የሃላሌው ሬዲዮ ትንሽ ነው፣ ይቃጠላል። ትንሽ ቆየሁ። ማንኪያ ሲነካ፣ በር ሲከፈት፣ አንድ ሕፃን ሲያለቅስና ዝም ሲል ሰማሁ።

ከዚያ ስልኬን አነሣሁ። ቁጥሯ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ደውዬበት አላውቅም። ጠራ፤ በሬዲዮው ውስጥ ስልኳ ሲጮህ ሰማሁት። እግሯ ሲቀርብ ሰማሁ።

«እትዬ?» አለች። አንዴ በጆሮዬ፣ አንዴ ከጠረጴዛው።

«ማይክሽ ተጭኖ ቀርቷል። ሬዲዮው ይግላል፣ የተጫነውን አንሺለት።»

ነገር ተንኮሻኮሸ፣ ከጠረጴዛው በኩል የሚመጣው የቤቷ ድምፅ ጠፋ። በስልኩ ትንፋሿ ብቻ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«አሁን ገና» አልኳት።